ቂርቆስ የሚሠራ ጣሊያን

እኔ ሳቅ መያዝ የማልችል ሰው ነኝ። ለቅሶ ቤት ሰው ሁሉ እንባውን ሲጠርግ ከንፈሬን ነክሼ የወጣሁበት ቀን አለ፤ እናቴ በክርኗ ጎሽማ ያስወጣችኝማ ስንት ጊዜ ነው። ስለዚህ ይቺን ስጽፍም እየሳቅሁ መሆኔን ከወዲሁ እወቁልኝ። ያን ሰሞን ግን አባቴ ሳቅ አልነበረውም፤ እኔ የሳቅሁት የሁለታችንንም ድርሻ ነው።

አባቴ ጫማ ሠሪ ነው። ጠጋኝ አይደለም! ጠጋኝ ያለው ሰው ከእሱ ጋር በሰላም አይለያይም። ቆዳ ቆርጦ፣ አሰፍቶ፣ በእንጨት ፎርማ ላይ ወጥሮ፣ ሶል አጣብቆ፣ ከምንም ተነሥቶ ጫማ የሚያወጣ ሰው ነው። አርባ ዓመት ሌላ ሥራ አያውቅም። ሱቁ ካዛንቺስ ነበረች፤ ሰፈሩ ሲፈርስ ዕቃውን ጭኖ ቂርቆስ አንዲት ቆርቆሮ ቤት ተከራየ። ደንበኛ ግን በአይሱዙ አይጫንም። አንዱ ወደዚያ፣ አንዱ ወደዚህ ተበተነ፤ የቀረውን ደግሞ ያ ርካሽ የፕላስቲክ ስኒከር ወሰደው። ሰባት የነበሩት ሠራተኞች ሁለት ቀሩ፦ አባቴና የስፌት ማሽኑ ላይ የምትቀመጠው እትዬ። እትዬ የሥጋ ዘመዴ አይደለችም፤ እኔ ስወለድ ጀምሮ እዚያች ማሽን ላይ ስላገኘኋት ነው እትዬ የምላት።

አንድ እሑድ ምሳ ላይ አባቴ እጁን ታጥቦ ሲቀመጥ፣ "ሥራ አገኘሁ" አለን።

"የምን ሥራ?" አለች እናቴ።

"ጥበቃ። ካዛንቺስ አዲሱ ሕንፃ ላይ። ኃላፊው ድሮ ደንበኛዬ ነው፣ እስከሚቀጥለው ወር መጨረሻ ቦታውን ይዤልሃለሁ ብሎኛል። ሱቄ በነበረበት ሰፈር በር ላይ ቆሜ የሰው ቦርሳ እፈትሻለሁ።" ይህን ብሎ እንጀራውን ቆረሰ፤ አልጎረሰውም። እኔም፣ እኔ ራሴ፣ አልሳቅሁም።

ኬንያዊቷ የመጣችው በዚያው ሳምንት ነው። መስቀል አደባባይ አጠገብ ባዛር ነበር፤ አባቴን "የቀሩትን ጫማዎች እንኳ እንሽጣቸው" ብዬ ጎትቼ ወስጄው አንዲት ጠረጴዛ ይዘናል። ሴትዮዋ ካዛንቺስ ለስብሰባ የመጣች ነጋዴ ናት፤ ካዛንቺስ ደግሞ ስብሰባ የሌለበት ቀን የለም። አዲስ ጫማዋ ነክሷት እያነከሰች መጥታ ወንበራችን ላይ ዝርፍጥ አለች። አባቴ እንግሊዝኛ አይችልም፣ እሷ አማርኛ አትችልም። ተንበረከከ፣ ካርቶን ቀደደ፣ እግሯን ካርቶኑ ላይ አስቀምጦ ዙሪያውን በእርሳስ ነደፈው። በቃ፣ በእግር ተግባቡ። በማግሥቱ አንድ ጥንድ ሠርቶ አመጣላት። አድርጋው ድንኳኑን ሦስት ጊዜ ዞረችና ተመልሳ መጥታ፣ "ሁለት መቶ ጥንድ እፈልጋለሁ" አለችኝ።

ሁለት መቶ! ጮኼ አቀፍኳት። አባቴ "ምን ሆነሽ ነው?" ይለኛል፤ እኔ መናገር አቅቶኝ በጣቴ ሁለት፣ ሁለት እላለሁ። "ሁለት ጥንድ? ጎሽ" አለ። ሁለት መቶ መሆኑን ስነግረው ወንበሩን በእጁ ዳብሶ ፈልጎ ተቀመጠ።

ሴትዮዋ ግን አንድ ነገር አጥብቃ ነገረችኝ። የአፍሪካ አገሮች እርስ በርስ የሚነግዱበትን ቀረጥ ለመቀነስ ተስማምተዋል፤ ጫማው እዚህ አገር ለመሠራቱ የምስክር ወረቀት ይዞ ከመጣ ናይሮቢ ላይ ቀረጡ ይቀልልኛል አለች። ወረቀቱ ከሌለ ግን ከየትም ዓለም እንደመጣ ጫማ ነው የሚያስከፍሉኝ፤ ያን ጊዜ ዋጋው አያዋጣኝም። "እህቴ፣ ጫማው የቱንም ያህል ቢያምር ያለ ወረቀቱ አልወስድም" አለችኝ ቁርጡን።

እኔ በአንድ መሥሪያ ቤት የጽሕፈት ሥራ እሠራለሁ፤ ወረቀት አያስፈራኝም። የዓመት ፈቃዴን ወሰድኩና ገባሁበት። ያስቸገረኝ አባቴ ነው።

"ጫማ ጫማ ነው፤ መታወቂያ ምን ያደርግለታል?" ይላል።

"አባዬ፣ እድራችሁ ድንኳን የሚሰጠው ለማን ነው?"

"ለአባል ነዋ።"

"አባል ያልሆነ ሰው በአንተ ስም ድንኳን ቢያወጣስ?"

"ዳኛው እኔን ይቀጣኛል። ቢቀጣኝም ይገባኛል።"

"በቃ! ይሄም የአፍሪካ እድር ነው በለው። የሚስተናገደው አባል አገር የሠራው ዕቃ ነው። የሩቅ አገር ዕቃ በእኛ ስም ሹልክ ብሎ እንዳይገባ ነው ወረቀቱን የሚጠይቁት።"

ይህን ሲሰማ ፊቱ በራ። ከዚያ ወዲያ ያገኘውን ሰው ሁሉ "የአፍሪካ እድር ገባሁ" ይለው ጀመር። የቂርቆስ ሰው ግማሹ ወርኃዊ መዋጮው ስንት ነው ብሎ ጠይቆታል።

ከዚያ ደግሞ ጫማው ከምን ከምን እንደሚሠራ አንድ በአንድ መጻፍ ነበረብን። ቆዳው የሞጆ፣ ገበሩ የአገር በግ፣ ሶሉ እዚሁ የተሠራ ጎማ። ክሩና ዘለበቱ ከቻይና ነው። ወረቀቱን የሚሰጠው መሥሪያ ቤት ሰዎች ትንሽ የውጭ ነገር ቢገባበት ግድ እንደሌለ፣ ዋናው የጫማው ግምትና ሥራ የእኛ መሆኑ እንደሆነ አስረድተውኛል። አባቴ ግን እድሩ እንዳይቀጣው ፈርቶ አንዲት ነገር አይደብቅም።

"እርሳሴ የቻይና ነው፤ ጻፊው።"

"እርሳስ አያስፈልግም አባዬ።"

"መቀሴስ? ጀርመን ይላል።"

"መቀሱን አንልከውም እኮ!"

እትዬ ከማሽኑ ጀርባ፣ "ጋሼ፣ የእኔ ነጠላ ጫማ የዱባይ ነው፤ እሱንም ያስጽፉልኝ" ስትል ሆዴ እስኪቆስል ሳቅሁ።

ሁለት የድሮ ሠራተኞች ተጠሩ፤ ደወልኩላቸው፣ ሳልጨርስ "መጣን" አሉ። ሦስት ሳምንት ያቺ ቆርቆሮ ቤት የማስቲሽ ሽታና የመዶሻ ድምፅ ሞላት። አባቴ እንደ ጎረምሳ ያፏጫል። እኔ ቆዳውን ቆጠርኩ፣ ስፌቱን አየሁ፣ ቁጥሩን አመሳከርኩ። ሁላችንም እያንዳንዱን ጫማ ዐሥር ጊዜ አገላብጠነዋል፤ አንዳችንም ምንም አልታየንም።

ማክሰኞ ጠዋት ናሙናውን በካርቶን ይዘን ካዛንቺስ ወደሚገኘው ወደዚያው መሥሪያ ቤት ሄድን። ዕቃው ዓርብ ነው የሚጫነው። አባቴ የሠርጉን ኮት ለብሷል፤ አልቆለፍ ስላለው ካርቶኑን ሆዱ ላይ አስደግፎ ነበር የያዘው። ኃላፊዋ መነጽሯን አፍንጫዋ ላይ ዝቅ ያደረገች፣ ረጋ ያለች ሴት ናት። ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አነበበች። "በጣም ጥሩ ነው፤ ሁሉም እንዲህ አዘጋጅቶ ቢመጣ" አለች። እኔ ከደስታዬ የተነሣ ወንበሩ አልበቃኝም።

"እስቲ ናሙናውን ልየው" አለች። ካርቶኑን ከፈተች፣ አንዱን ጫማ አወጣች፣ አሸተተችው፣ "ውይ ሲያምር!" አለች። ውስጡን አየች። ገልብጣ ሶሉን አየች። ወረቀቱን አየች። እንደገና ጫማውን አየች።

አንገቴን አስግጌ አየሁ። በወርቃማ ቀለም፣ ፏ ብሎ፣ ውስጡም ሶሉም ላይ ሜድ ኢን ኢታሊ ይላል።

እግዚኦ! እንግዲህ እዚህ ላይ ማስረዳት አለብኝ። አዲስ አበባ ጫማ የሚሠራ ሰው ሁሉ፣ ማለቴ እኔ የማውቀው ሁሉ፣ ጫማው ሲያልቅ የጣሊያን ማህተም ይመታበታል። ጫማው ያለቀው ማህተሙ ሲመታ ነው። እኔ ጫማ ላይ ከዚያ ሌላ ጽሑፍ ሳላይ ነው ያደግሁት፤ ዓይኔ ስለለመደው አያነበውም። አባቴ ደግሞ ይባስ ብሎ፣ "ለውጭ አገር ነው" ብሎ ከማህተሙ ሥር የሚደረግ አዲስ ወርቃማ ወረቀት ገዝቶ፣ ለአገር ውስጥ አንድ ጊዜ የሚመታውን ለኬንያ ሁለት ጊዜ መታው። ሁለት መቶውንም ጥንድ!

"አባቴ፣ ይሄ ጫማ የት ነው የተሠራው?" አለች ኃላፊዋ።

"ቂርቆስ።"

"ይሄስ ጽሑፍ ምንድነው የሚለው?"

አባቴ አየው። "እሱማ ጌጥ ነው" አለ።

ሞትኩ! ሳቁ መጣብኝ። ከንፈሬን ነከስኩ፣ ጭኔን ቆነጠጥኩ፣ አልሆነም፤ ፈነዳሁ። ሁለት መቶ ጥንድ ገደል ሊገባ፣ አባቴ የሰው ቦርሳ ሊፈትሽ፣ እኔ እንባዬ እስኪወርድ እስቃለሁ። አባቴ ዞሮ ሲያየኝ ያየኝን አስተያየት አልረሳውም። እየሳቅሁ አፈርኩ፤ አፍሬም መሳቄን አልተውኩም።

"ይሄን እኔ ልፈርምበት አልችልም" አለች ኃላፊዋ። "ወረቀቱ ኢትዮጵያ ይላል፣ ጫማው ጣሊያን ይላል። ድንበር ላይ ቢከፍቱት የማንን ይመኑ? እኔ ራሴ ጣሊያን ለማድረግ ብዬ ይኸው የዛሬ ሁለት ዓመት ከትልቅ ሱቅ ገዝቼ..." ብላ እግሯን ከጠረጴዛው ሥር ዘርጋ አደረገችው።

አባቴ ጎንበስ አለ። "ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ቀኙን እስቲ ያሳዩኝ።"

ግራ ገብቷት አውልቃ ሰጠችው። ተረከዙን በአውራ ጣቱ ተጫነው፣ ስፌቱን ዳበሰው። "ይቺን እኔ ነኝ የሠራኋት" አለ። "ካዛንቺስ እያለሁ። እቺ ጠርዝ ላይ ክሩን ሁለት ጊዜ የምመልሰው እኔ ብቻ ነኝ። ታኮዋ በግራ በኩል ተበልቷል፤ ሲሄዱ ወደ ግራ ይጫናሉ።"

ኃላፊዋ በአንድ ጫማ ቆማ ቀረች። "ሁለት ዓመት ሙሉ ለእህቶቼ ስኩራራባቸው!" አለችና እሷም ሳቀች። እንዴት እንደሳቀች! የጎን ቢሮ ሰዎች በር ከፍተው አዩን። ሳቋ ሲያልቅ ግን ብዕሯን ከደነችው። "ይሄ ጽሑፍ ጨርሶ ይጥፋ። ወይ ባዶ ይሁን፣ ወይ እውነቱን ይጻፉበት። ሐሙስ ቦታው ድረስ መጥቼ አያለሁ፤ ካልጠፋ አልፈርምም።"

ከካዛንቺስ ወደ መስቀል አደባባይ በእግራችን ወረድን። አባቴ ካርቶኑን አቅፎ ከፊቴ ከፊቴ ይሄዳል።

"ባዶ እናድርገው" አለኝ ሳይዞር።

"ባዶ? ለምን ሲባል! ኢትዮጵያ ብለን እንጽፍበታለን እንጂ፤ ስም የሌለው ልጅ ነው እንዴ የምንልከው?"

"አንቺ ገበያ አታውቂም።"

"ምን አለው ገበያው?" ጮህኩበት። ንዴቴም እንደ ሳቄ ነው፤ ማቆሚያ የለውም። መንገደኛው ሁሉ ዞሮ አየን።

ያን ጊዜ ቆመና ነገረኝ። ወጣት ሳለ የመጀመሪያ ጫማውን ሠርቶ ያለ ምንም ጽሑፍ አንድ ሱቅ አስቀምጧል። እሱም ጥግ ላይ ሆኖ ያያል። ሰው ይመጣል፣ ጫማውን ያነሣል፣ ቆዳውን ይነካል፣ "እንዴት ያለ ሥራ ነው!" ይላል። ከዚያ ይገለብጠዋል። "የአገር ውስጥ ነው እንዴ?" ይልና መልሶ ያስቀምጠዋል። እንዲህ ሲሆን አንድ ወር አየ። በኋላ ባለ ሱቁ ማህተሙን ሰጠው፤ የተመታባቸው በሳምንት አለቁ። "እኔ ፊደሉን አላነበውም" አለኝ አባቴ። "ብቻ እሱ ሲኖር ሰው ጫማዬን መልሶ አያስቀምጠውም። አሁን እዚያ ማዶ ገልብጠው አይተው ቢያስቀምጡትስ? ከዚያስ ጥበቃው ይሻለኛል።"

በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ሲባል ሰምቻለሁ፤ ወርቁ ራሱ መዳብ ነኝ ብሎ ሲያምን ያየሁት ግን ያን ቀን ነው። ንዴቴ በረደ። ስታዲየም ጋ ስንደርስ ለኬንያዊቷ ደወልኩና፣ እያፈርኩ፣ ሁሉንም ነገርኳት። ኢትዮጵያ ብለን ብንጽፍበት ቅር ይልሻል ወይ አልኳት።

"ጣሊያን የሚለው የሞዴሉ ስም መስሎኝ ነበር" አለች። "አዲስ አበባ የገዛሁት ጫማ ከየት ሊሆን ኖሯል?"

ለአባቴ ተረጎምኩለት። "የሞዴሉ ስም" ብሎ ትንሽ አሰበና፣ "እንግዲህ ጻፊው" አለኝ። ደስ ብሎት አይደለም፤ ጥርስ ሊያስነቅል እንደሚገባ ሰው ነው ያለው።

ማህተም ቀራጩ እዚያው ስታዲየም አካባቢ ነው። የምንፈልገውን ስነግረው ወረቀቱን ሁለቴ አነበበው። "እኔ በሳምንት አራት ጣሊያን እቀርጻለሁ፣ ቱርክም አለ" አለ። "ኢትዮጵያ ብሎ ያዘዘኝ የለም። እርግጠኛ ናችሁ?" አባቴ ቀና ብሎ ሳያየው፣ "ፊደሉን ብቻ አሳምረው" አለው።

ከዚያ ሁለት ቀን! የአራት መቶ ጫማ የውስጥ ንጣፍ ተነቅሎ በአዲስ ሊተካ፣ የአራት መቶ ሶል ጽሑፍ በብርጭቆ ወረቀት ሊፋቅ። እናቴ መጣች፣ የእድሩ ሰዎች መጡ፤ "የአፍሪካ እድር ከሆነማ እኛም ድርሻ አለን" ብለው ሶል ሲፍቁ ዋሉ። እትዬ ንጣፍ እየነቀለች፣ "የቸኮለች አፍሳ ለቀመች" ትላለች በየመሐሉ። አቧራው ፊታችንን አልብሶን ሁላችንም ወፍጮ ቤት የዋልን መሰልን። እኔ ንጣፍ እቆርጣለሁ፣ አባቴ አዲሱን ማህተም ይመታል። የመጀመሪያዎቹን እየመታ አንድ በአንድ ወደ ብርሃን ያነሣቸው ነበር። መቶኛው ላይ ሲደርስ ማፏጨት ጀመረ፤ እኔም ጮክ ብዬ ሳቅሁ።

ሐሙስ ኃላፊዋ መጣች። ከየካርቶኑ እያወጣች፣ ውስጡን እያየች፣ ሶሉን እየዳበሰች አጣራች፤ ሠራተኞቹን አንድ በአንድ ምን እንደሚሠሩ ጠየቀች። እትዬ፣ "እኔ ከጣሊያን ነው የመጣሁት" ብላት ልትገድለን ነበር። ደግነቱ ሴትዮዋ ቀልድ ታውቃለች። ቆዳ መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ሆና ፈረመችልን። ከዚያ ከቦርሳዋ ፌስታል አወጣችና፣ "አባቴ፣ ታኮው ተበልቷል ያሉኝን እስቲ ይዩልኝ" አለች።

ዓርብ ዕቃው ሄደ። ከዚያ ዝም። ሠራተኞቹ ወደየቤታቸው፣ እትዬ ማሽኗን በጨርቅ ሸፍና ወደ ቤቷ። አንድ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት። የሕንፃው ኃላፊ ደውሎ "ሰኞ ትጀምራለህ?" ሲለው አባቴ "እሺ" አለ። የደንብ ልብሱን መጥቶ እንዲለካ ለቅዳሜ ቀጠሩት። እኔ በየአምስት ደቂቃው ስልኬን አያለሁ፤ የቢሮ ሰዎች የፍቅር ነገር መስሏቸው ይጠቃቀሱብኛል።

ቅዳሜ ጠዋት አባቴ ከመሄዱ በፊት ሱቁን ሊጠርግ ገባ፤ እኔም ተከተልኩት። ስልኬ ጮኸ። ናይሮቢ ናት። መልእክቱን እያነበብኩ እግሬ መሬት አልነካ አለ። "አለቀ! አባዬ፣ አለቀ! አነስተኛ ቁጥሮቹ መጀመሪያ ነው ያለቁት፣ አራት መቶ ጥንድ ላክልኝ እያለች ነው፣ በዚያው ወረቀት!"

አባቴ መጥረጊያውን እንደያዘ ቆመ። "ጠይቂልኝ" አለኝ። "ገልብጦ ያየ ሰው አለ ወይ?"

ጻፍኩላት። ወዲያው መለሰች። ሁሉም ገልብጠው ያያሉ፤ ሰው ጫማ ሲገዛ ገልብጦ ያይ የለ እንዴ? ነው ያለችው።

"እና?" አለ አባቴ።

"እና ገዙት።"

መጥረጊያውን ግድግዳው ላይ አስደገፈው። ትንሿ ዱካው ላይ ተቀመጠና ዓይኑን በሽርጡ ጠረገ። "አርባ ዓመት ሙሉ" አለ፣ "ሰው ጫማዬን ሲገለብጥ ዓይኔን እጨፍን ነበር።" እኔ አፌን ብከፍትም ሳቅ የሚባል ነገር አልወጣኝም።

የአባቴ ስልክ ደግሞ ጮኸ፤ አነሣሁት። የሕንፃው ኃላፊ ነው፤ ልብስ የሚለካው ሰው እየጠበቀ ነው አለ። ስልኩን ለአባቴ ዘረጋሁለት። እሱ ፎርማውን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ቆዳ መምረጥ ጀምሯል፤ ቀና እንኳ አላለም።

"አመስግኚልኝና፣ አባቴ ሥራ ላይ ነው በይው" አለኝ።